ባሌስትራው እስኪታሰር

ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ሐበሻ ቤት ሲቀይር የሚጠራው ወንደሰንን ነበር። አከራይ ኪራይ ቢጨምር፣ ባልና ሚስት ቢለያዩ፣ አንዱ አግብቶ ሰፋ ያለ ክፍል ቢያገኝ፣ አልጋና ማቀዝቀዣው፣ ጀሪካንና ምንጣፉ የሚጫነው በእሱ አሮጌ መኪና ላይ ነው። ሱዳኖች እንዲህ ያለችውን ከኋላዋ ክፍት የሆነች መኪና ቦክሲ ይሏታል። እሱም ሱዳን ውስጥ አርባ ዓመት ኖሮ ሌላ ስም አያውቅላትም።

ድሮ ጎንደር ፊዚክስ ያስተምር ነበር። በቀይ ሽብር ዘመን ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ሲለቀሙ እሱና ሚስቱ ዘመናይ በመተማ በኩል ስምንት ቀን በእግር ተጉዘው ወጡ። ዘመናይ ድሬሰር ነበረች፤ በጉዞው ላይ የሰውን ሁሉ የተላጠ እግር ያሰረችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ገዳሪፍ፣ ከዚያም ካርቱም። ወንደሰን በረዶ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ጫነ፣ የስደተኛ ልጆችን አስተማረ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋም መንጃ ፈቃድ አወጣ። ልጅ አልወለዱም። ሐጃ ሉጥፊያ የሚባሉ ሱዳናዊት ባልቴት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተው ሃያ ሁለት ዓመት ተቀመጡ።

የዘመናይ ኩላሊት ሥራውን ያቆመው የሱዳኑ አብዮት ሊፈነዳ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ከዚያ ጀምሮ ሰኞና ሐሙስ ደሟ በማሽን እየታጠበ ይመለሳል። ሰኞና ሐሙስ ወንደሰን ዕቃ አይጭንም፤ የፊተኛውን ወንበር በትራስ ደልድሎ እሷን ብቻ ይጭናል።

አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ጥር ላይ፣ ከዓባይ ማዶ ባሕሪ በሚባለው ከተማ ዋርሻ፣ ማለትም ጋራዥ፣ ያለው መካኒኩ ሂሻም መኪናዋን ከሥር አይቶ ጠራው። "ና ኡስታዝ፣ ተንበርከክና እይ" አለው። አስተማሪ እንደነበረ ስለሚያውቅ ሁልጊዜ ኡስታዝ ነው የሚለው። ወንደሰን ተንበርክኮ አየ። የመኪናዋን የኋላ ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራ፣ ያ ተደራራቢ የብረት ዝርግ፣ ጫፉ ሻንሲ ከሚባለው የመኪናዋ የብረት አጽም ጋር የሚያያዘው ጡጫ በሚያክል ማንጠልጠያ ነው። በግራም በቀኝም ያሉት የኋላ ማንጠልጠያዎች በዝገት ተበልተዋል። ሂሻም በጥፍሩ ሲጭረው ብረቱ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ።

"ይሄ ክረምቱን አያይም" አለው ሂሻም።

ወንደሰን ከነጭ ዓባይ ማዶ ኦምዱርማን ካሉት የተበታተነ መኪና ሻጮች ዘንድ ሄዶ፣ ያገለገለ ግን ጤነኛ የሆነ ጥንድ ማንጠልጠያ ገዛ። ጠርጎ ጥቁር ቀለም ቀባው፤ አዳዲስ ቡሎኖችና ለመጋጠሚያው የሚሆኑ ጎሚኒ የሚባሉ የጎማ ቀለበቶችም ጨመረበት። በጆንያ ጠቅልሎ አልጋ ሥር አስቀመጠው። እዚያው ቀረ። አንዱን ሳምንት የነዳጅ ሰልፍ፣ ሌላውን የዳቦ ሰልፍ በላው። አንዳንዴ ኩብሪ የሚሉት ድልድይ ተዘግቶ ባሕሪ መሻገር አይቻልም። ሚያዝያ ላይ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስታው አዘናጋው፤ ሕዝቡ አገዛዙ ይውረድ ብሎ ከጦር ሠራዊቱ መምሪያ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያድር ወንደሰን በዚችው ቦክሲ የውሃ በርሜል ያመላልስ ነበር። እንደ እሱ ወጣትነቱን በፖለቲካ ያቃጠለ ሰው ያን እያየ ስለ ዝገት ማሰብ አልቻለም።

"ያ ብረት ከአልጋ ሥር የሚወጣው መቼ ነው?" ብላ ዘመናይ ሁለት ጊዜ ጠይቃዋለች።

"በሚቀጥለው ሳምንት።"

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ በረመዳን መጨረሻ፣ ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ተኩስ ተጀመረ። ዝናብ ያካፋ ነበር። ተቀማጩ ሕዝብ በጥይት ተበተነ፤ ድንኳኑ ተቃጠለ፤ ጭሱ ዴም ድረስ ታየ። ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መብራትም ከሰፈሩ ጠፋ። የዚያን ሰኞ ወደ ሕክምናው መሄድ የማይታሰብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘመናይ የቁርጭምጭሚቷን ሥጋ በአውራ ጣቷ ተጭና የቀረውን ጉድጓድ ስታይ ወንደሰን በመስኮት አያት።

ሐሙስ ማለዳ ሊሞክሩ ወጡ። በየመንገዱ ወጣቶቹ ወታደር እንዳይገባ ጡብና ድንጋይ ደርድረዋል፤ መታሪስ ይሉታል። ከቤታቸው ሦስተኛው መንገድ ላይ፣ ከመታሪሱ የተፈናቀለ ጡብ ላይ የግራው ጎማ ወጣና ወረደ። ያኔ ከሥራቸው እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ጮኸ። ዘመናይ ራሷን በእጇ ሸፈነች። ወንደሰን ግን መኪናዋ ወደ ግራ ስትቀመጥ ምን እንደሆነ ገባው። ወርዶ ሲያይ የግራው ማንጠልጠያ ለሁለት ተበጥሶ የባሌስትራው ጫፍ የጭነቱን ወለል ከሥር ነድሎታል።

"ተኩስ ነው?" አለችው።

"አይደለም። የእኔ ስንፍና ነው።"

ያችን ሦስት መቶ ሜትር ጎማው ከብረት ጋር እየተፋጨ፣ በእግረኛ ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ፈጅተው ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። የተለመደው የኩላሊት እጥበት ማዕከል ነርስ ናት። እነሱ ዘንድ ሠራተኛ ስላልገባ ተዘግቷል፤ ኦምዱርማን ያለው ግን ቅዳሜ ይሠራል። "ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አድርሳት። ስሟን አስመዝግቤያለሁ። ካለፋት መቼ ቦታ እንደሚገኝ አላውቅም" አለችው። ዘመናይ ለመጨረሻ ጊዜ የታጠበችው ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ድረስ ዘጠኝ ቀን ይሆናል።

ወንደሰን መኪና ፍለጋ እግሩ እስኪቀጥን ዞረ። መኪና ያለው ሁሉ ወይ ደብቆታል፣ ወይ ጎማውን አውልቆ አቁሞታል፤ የታጠቁ ሰዎች በየመንገዱ መኪና እየነጠቁ ነበርና። ረክሻ የሚሉትን ባለ ሦስት እግር ታክሲ የያዘ አንድ ወጣት እስከ ኦምዱርማኑ ኩብሪ አደርሳለሁ አለ፣ ኩብሪውን ግን አልሻገርም። ሲመለስ ጆንያውን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣ።

ዓርብ በጠዋት ጀመረ። መኪናዋ ግቢው ውስጥ፣ ከኒም ዛፉ ሥር ቆማለች። የፊት ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ ሸጎጠ፤ ኋላዋን በክሪክ አንሥቶ ሻንሲዋን በእንጨት ግንድ ላይ አስቀመጠ፤ ጎማዎቹን አወለቀ። ሂሻም በስልክ አለ፤ ድልድይ ማዶ ሆኖ በድምፁ ብቻ ሊረዳው። መብራት የለምና የብረት መቁረጫ ማሽን የለም፤ ብየዳም የለም። መዶሻና የብረት መሮ ብቻ።

የሚረዳው ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ናስራ መጣች። ናስራ የወሎ ሴት ናት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ኦምዱርማን አንድ ቤተሰብ ዘንድ ተቀጥራ ትሠራለች። ለዒድ ከአገሯ ልጆች ጋር ልታሳልፍ ዴም መጥታ መንገዱ ሲዘጋ ከሐጃ ሉጥፊያ ግቢ ቀርታለች።

"ጋሼ፣ ምን ልያዝ?" አለችው ነጠላዋን ወገቧ ላይ እየጠመጠመች።

"የክሪኩን እጀታ። ስልሽ ብቻ፣ በጣም በቀስታ።"

የድሮው ማንጠልጠያ በቡሎን አይደለም የታሰረው። ፋብሪካው በሪቬት፣ ጫፉ ተቀጥቅጦ በተደፈጠጠ ብረት፣ ከሻንሲው ጋር ሰፍቶታል። ራሱን በመሮ ቆርጦ ቀሪውን መትቶ ማስወጣት ነው። በአንድ ጎን አራት፣ በሁለቱ ጎን ስምንት። ወንደሰን በጀርባው ተኝቶ ወደ ላይ ሲመታ ዝገቱ ዓይኑ ውስጥ ይዘንባል። መዶሻው ባረፈ ቁጥር ግቢው ያስተጋባል። የመጀመሪያው ሪቬት አንድ ሰዓት ፈጀ።

"ከጎን ምታው እንጂ ከሥር አትምታው ኡስታዝ" ይላል ሂሻም በስልኩ። "ነጭ ጋዝ አጠጣው። ትንሽ ጠብቅና እንደገና።"

መጠበቅ ነው የከበደው። በተኛበት አንገቱን ሲያዞር ዘመናይ ጥላው ውስጥ፣ በገመድ በተጠለፈው አልጋ፣ በአንገሬቡ ላይ ትታየዋለች። ጠዋት በአንድ ትራስ ነበረች። ረፋዱ ላይ ሁለት ሆነ። ውሃ በቡና ሲኒ እየለካች ነው የምትጠጣው፤ ሙቀቱ ደግሞ አርባ ሁለት። ሙያዋ ነውና በሳንባዋ ሥር ምን እየተጠራቀመ እንደሆነ ከእሱ አሥር እጥፍ ታውቃለች። ስለዚህ ነው የማይጠይቃት። ዝም ብሎ ስንት ጊዜ እንደምትተነፍስ ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ሲበዛበት ይተወውና መዶሻውን ያነሣል።

ሰባተኛው ሪቬት ላይ እያለ የግቢው በር በሰደፍ ተመታ።

ሐጃ ሉጥፊያ ከፈቱ። ሦስት የታጠቁ ሰዎች ገቡ። አለቃቸው ከሃያ አምስት ዓመት አይበልጥም፤ ዓይኑ እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል።

"ምንድን ነው የምትቀጠቅጡት?" አለ።

ወንደሰን ከሥር ተስቦ ወጣ። እጁን ወደ ላይ ማንሣት ይኑርበት አይኑርበት አላወቀም፤ መዶሻውን ግን መሬት አስቀመጠ። "መኪና ነው ልጄ። ተሰብራብኝ እየጠገንኳት ነው።"

"ሐበሻ ነህ?"

"አዎ።"

"ቁልፏ የታለ?"

"ኪሴ ውስጥ አለ። ግን አትሄድም።"

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየ። ሁለቱም ባሌስትራዎች ጫፋቸው ተፈትቶ ተንጠልጥለዋል፤ ጎማ የለ፣ አንዱ ማንጠልጠያም የለ። በጫማው ጫፍ ግንዱን ነካ አደረገው። መኪናዋ በዚያ ግንድ ላይ ነው የተቀመጠችው።

"መቼ ያልቃል?"

ወንደሰን በዚያች ቅጽበት ያሰበውን ሁሉ በኋላ ሊያስታውሰው ሞክሮ አልቻለም። ሳምንት ቢል አያምኑትም፣ የራሳቸውን መካኒክ ያመጣሉ። ዛሬ ቢል ቆመው ይጠብቃሉ። "ነገ" አለ፤ "ቀትር ላይ፣ ኢንሻላህ።"

"ሚስቱ ዓያና፣ በሽተኛ ናት" አሉ ሐጃ ሉጥፊያ ወደ አንገሬቡ እያመለከቱ። "ወደ ሐኪም የሚወስዳት በዚች ነው። እናት የለህም?"

ወጣቱ ዘመናይን አየ። የእግሯን እብጠት አየ። ትንሽ ያፈረ መሰለ፤ ከዚያ ፊቱ እንደ ገና ተዘጋ። "አላህ ይማራት" አለ። "ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ እንመጣለን። ቁልፏን አዘጋጅ።" ወጡ።

ወንደሰን የመኪናዋ መከላከያ ላይ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ምነው ነገ ማለትዎ?" አለች ናስራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ወር ይፈጃል አይሉም ኖሯል?"

"ውሸት አይመጣልኝም፣ ምን ላድርግ።"

"እንግዲህ ፈትተው ይተዉዋት። እግር የሌላትን መኪና ማን ይወስዳል?"

ትክክል ነበረች። እንደ ተፈታች ከቀረች መኪናዋ ትተርፋለች። ከተገጠመች ደግሞ ሊነጥቋት ይችላሉ፤ ዘመናይ ግን ኦምዱርማን ትደርሳለች። ወንደሰን ዘመናይን አያት። እሷም ሁሉን ሰምታለች።

"ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥተን ከሄድን ቀትር ላይ እዚህ የለንም" አለች። ዓረፍተ ነገሩን ለመጨረስ መሐል ላይ ትንፋሽ ወሰደች። "ግጠማት።"

የመጨረሻው ሪቬት ሲወጣ የጁምዓ ሶላት አብቅቶ ነበር። ወንደሰን ሻንሲውን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ በመዶሻው ጫፍ እየነካካ አዳመጠ። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮኻል። የቀኙ ጎን ጮኸ። የግራው ከላይ ጮኸ፤ ከታች፣ የኋለኛው ቀዳዳ አጠገብ ግን እንደ እርጥብ እንጨት ድው አለ። በመሮው ጫፍ ሲጫነው ቀዳዳው ዙሪያውን ተፈርፍሮ ሰፋ። አዲሱ ቡሎን ያለ ምንም መጨናነቅ ገብቶ ወጣ።

ለሂሻም ነገረው።

"እኔ ዘንድ ብትሆን ቆርጬ አዲስ ብረት እበይድበት ነበር" አለ ሂሻም። "ከቡሎኑ ሥር የሚገባ ወፍራም፣ ሰፊ ሮንዴላ አለህ?"

"አለኝ።"

"ሁለት ከውስጥ፣ ሁለት ከውጭ። ሦስቱን ጤነኛ ቀዳዳዎች በደንብ እሰራቸው፤ አራተኛውን እስኪይዝ ብቻ፣ ከዚያ በላይ አታጥብቀው፤ ካጠበቅኸው ብረቱን ይበላዋል። ኦምዱርማን ያደርስሃል። ከዚያ ወዲያ ላለው አልምልልህም።"

አስተማሪ ሆኖ ስንት ዓመት ስለ ጭነትና ስለ ግፊት ሰሌዳ ላይ ጽፏል። አሁን በጀርባው ተኝቶ ያንኑ ስሌት ሲሠራ አንዱም ቁጥር የሚታመን አልነበረም፤ የበሰበሰ ብረት ምን ያህል ይሸከማል የሚል ቀመር የለም። ባዶዋን መኪና አሰበ፣ ሦስት ሰው ጨመረ፣ የመታሪሱን ጡብ ጨመረ። አሰላ፣ ትቶ እንደ ገና አሰላ።

ማንጠልጠያዎቹን በቡሎን አሰረ። ቀጥሎ የባሌስትራውን ጫፍ ወደ ቦታው ማምጣት ነበረ። ናስራ ክሪኩን ከባሌስትራው ሥር አድርጋ እጀታውን ትጫናለች።

"ትንሽ... ትንሽ... ቁሚ። አሁን ወደ ታች፣ ጸጉር ታክል።"

"ጸጉር እንዴት ነው የሚለካው ጋሼ?" አለች፤ ፊቷ በላብ ርሷል። ግን ለካችው። ቀዳዳና ቀዳዳ ተገናኘ፤ ጎሚኒው በሳሙና ውሃ ተንሸራቶ ገባ፤ ቡሎኑ አለፈ። የቀኙም እንዲሁ። ጎማዎቹን መልሰው መኪናዋን ከግንዱ ላይ አወረዷት። መሬት ስትነካ ከሥር ጭር የሚል ድምፅ ሰጠችና ቀጥ ብላ ቆመች። ወንደሰን ክብደቷ እንዳረፈባት ዳዶዎቹን ለመጨረሻ ጊዜ አጠበቀ። አራተኛዋ ዘንድ ሲደርስ እጁ ቆመ። ሩብ ዙር ልጨምር? አልጨመረም። ተመልሶ ነካት። አሁንም አልጨመረም።

ሲመሽ ዘመናይ ሦስት ትራስ ደርባ ነበር፤ መተኛት አልቻለችም፣ ተቀምጣ ነው ያነጋችው።

ጎሕ ሲቀድ ወጡ። ዘመናይ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ናስራ ወደ ቀጣሪዎቿ ልትመለስ ከኋላ ወጣች። ሐጃ ሉጥፊያ ሁለቱንም የበር መዝጊያ ከፍተው፣ መንገዱን ግራ ቀኝ አይተው፣ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። በጥድፊያው ክሪኩና የመፍቻው ሣጥን ከኒሙ ሥር ተረሳ።

የመጀመሪያው መታሪስ ላይ አምስት ወጣቶች ቆመው ነበር። ወንደሰን መስታወቱን አወረደ። "ዓያና ናት። ኩላሊት" አለ። አንዱ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አይቶ ዞረ፤ ሁሉም ጎንበስ ብለው ጡቡን በእጃቸው ማንሣት ጀመሩ። መኪና የምታህል ስፍራ ከፍተው አሳለፏቸው፤ ወንደሰን በመስታወት ሲያያቸው ጡቡን እየመለሱ ነው። ቀጣዩም እንዲሁ አደረገ። ሦስተኛው ላይ ግን ሥሩ በኮንክሪት ቁራጭ የተሞላ ስለሆነ ከላዩ ማለፍ ግድ ሆነ።

"ያዢ" አላት ዘመናይን።

የፊቱ ጎማ ወጣ፣ ወረደ። የኋላው ወጣ። ወረደ። ከግራ በኩል ጥርስ እንደማፋጨት ያለ ድምፅ መጣ። ቆመና ናስራን ጮኾ ጠራት። ናስራ ጎንበስ ብላ ከሥር አየች።

"ያው ነው ጋሼ። አልተነቃነቀም።"

"ሮንዴላውን አየሽው?"

"አይቼዋለሁ። ያላ፣ ይንዱ።"

ኩብሪው አፍ ላይ ኬላ ነበር። ትናንት የመጡትን የሚመስሉ ወታደሮች ቆመዋል፤ ወንደሰን ፊታቸውን እየለየ ያን ቀይ ዓይን ፈለገ። አልነበረም። አንድ ጎልማሳ ወታደር ወረቀታቸውን ተቀብሎ አገላበጠ። የስደተኛ መታወቂያ፣ የዘመናይ የሕክምና ደብተር። ደብተሩ ላይ ቆየ። ምን እንደሚያነብ አይታወቅም፤ ምናልባት ማንበብ አይችልም። ዘመናይ ያኔ የግራ እጅጌዋን ጠቅልላ ክንዷን በመስኮቱ አወጣችለት። ደም የሚቀዳበት ሥር እንደ ገመድ ተወጥሮ ቆዳዋን አሳብጦታል። ወታደሩ ደብተሩን መለሰላትና በጠመንጃው አፈ ሙዝ ወደ ፊት አመለከተ።

ድልድዩ ላይ ወንደሰን ወንዙን አላየም። ጆሮው ወደ ኋላ ብቻ ነበር። ጎማው የድልድዩን መጋጠሚያ ባለፈ ቁጥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቆጠረ። አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ መሬት ነካ።

ማዕከሉ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ስለተዘጉ ከካርቱምም፣ ከባሕሪም፣ ከኦምዱርማንም የመጣው እዚያ ነው። ሙሉው አራት ሰዓት አልተገኘም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ሰዓት ብቻ ደረሰው። ዘመናይ ስትወጣ ግድግዳ ይዛ ነው፤ ግን ከደጅ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ያለ ትራስ ጀርባዋን ደገፍ አደረገች። ወንደሰን ትንፋሿን ቆጠረ። ከዚያ መቁጠሩን አቆመ።

ከቀትር በኋላ ሐጃ ሉጥፊያ ደወሉ። ሰዎቹ መጥተው ነበር። መኪናዋ ገዳሪፍ ሄዳለች አልኳቸው አሉ። ግቢውን ፈትሸው ክሪኩንና የመፍቻ ሣጥኑን ይዘው ሄዱ። "ለጊዜው አትመለሱ" አሉት።

ወዴት እንደሚሄዱ ሲጨነቅ ናስራ ቀጣሪዎቿን አናገረች። ምን እንዳለቻቸው አይታወቅም፤ የጥበቃው ክፍል ባዶ ነበርና ለቀቁላቸው፣ መኪናዋም ከግቢ ውስጥ ገባች። ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ በአድማ ሥራ አቁሞ ከቤቱ ተከቶ ነበር። ሰኞ ወንደሰን ዘመናይን ሲወስድ የማዕከሉ ነርስ ወደ ቦክሲዋ አየችና፣ ሁለት ሰፈር እልፍ ብሎ ወደ ማዕከሉ የሚያመጣው ያጣ ሰው እንዳለ ነገረችው። አመጣው። በማግስቱ ሦስት ሆኑ። በሳምንቱ ወንደሰን ማለዳ ማለዳ በኦምዱርማን ጠባብ መንገዶች እየዞረ ስድስት በሽተኛ ይሰበስብ ነበር፤ ከኋላ ፍራሽ አንጥፎ፣ ከላይ አንሶላ ለጥላ ወጥሮ። ናስራ በምትችልበት ቀን ትወጣና አዛውንቶቹን ደግፋ ታወርዳለች።

ጭነቱ በጨመረ ቁጥር ሥጋቱም ጨመረ። ዘወትር ጠዋት፣ ማንም ሳይነቃ፣ ቁርጥራጭ ካርቶን መሬት ላይ አንጥፎ ከሥር ይገባል። ሮንዴላውን በጣቱ ይዳብሳል፤ ከትናንቱ የተለየ ስንጥቅ፣ አዲስ የዝገት ዱቄት መኖሩን ያያል። ዘመናይ ከክፍሉ ደጃፍ ሆና ትጠብቀዋለች። "እንዴት አደረች?" ትለዋለች። "አድራለች" ይላታል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ዴም ጋብ አለ ተባለ። ሐጃ ሉጥፊያም ኑ አሉ። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው የመጨረሻ ጠዋት ሙሄዲን የሚባል ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር፣ በየጊዜው የሚሳፈር የጎረቤት በሽተኛ፣ ወንደሰን ከመኪናዋ ሥር ሲወጣ አገኘው። በምርኩዙ ተደግፎ፣ ወንደሰን የልብሱን አቧራ እስኪያራግፍ ጠበቀው።

"በየቀኑ አይሃለሁ" አለው ሙሄዲን። "ከሥር ምን አለ?"

ወንደሰን አልደበቀውም። ስለ ማንጠልጠያው፣ ስለ በሰበሰው ቀዳዳ፣ ስለ አራቱ ሮንዴላ ሁሉንም ነገረው። ስድስት ሰው በዚህ ላይ ሲጭን እንደሰነበተም ነገረው። ሲነግረው በሽተኞቹን መጫን ከጀመረበት ሰኞ ወዲህ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ትንሽ ቀለል አለ፤ ወዲያው ግን ሰውየው አልሳፈርም እንዳይል ፈራ።

ሙሄዲን ጎንበስ ብሎ፣ ወገቡን ይዞ፣ እስከቻለው ድረስ ከሥር አየ።

"ይይዛል?"

"አላውቅም" አለ ወንደሰን። "እስካሁን ይዟል።"

ሙሄዲን በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ምርኩዙን ከጭነቱ ወለል ላይ አስቀመጠና ክንዱን ለወንደሰን ዘረጋለት። ወንደሰን ደግፎ አወጣው፣ ፍራሹ ላይ በጤነኛው፣ በቀኝ በኩል አስቀመጠው፣ ከዚያ ዞሮ ከዘመናይ ጎን ገብቶ ሞተሩን አስነሣ።